ዲቴክቲቭ እና ኢንቬስቲጌተር

ሞያሌ ላይ ድንበሩን ተሻግሮ በኬንያ በኩል ወዳለችው ሄሉ የገባ አማርኛ ተናጋሪ፣ በኬንያ ዜና ሁለቱንም ቃላት ይሰማል። በአማርኛ ግን ሁለቱንም «መርማሪ» ብለን እናልፋቸዋለን። ይህ ያሳስበኛል፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለምና።

«ኢንቬስቲጌት» የሚለው ግስ የመጣው «ዱካ» ከሚል የላቲን ቃል ነው። ፍየል የጠፋበት የሞያሌ እረኛ ይህን ሳይነገረው ያውቀዋል፦ አሸዋው ላይ ጎንበስ ብሎ የኮቴው ጠርዝ ስል ይሁን ወይስ ነፋስ የናደው ያያል፤ ስል ከሆነ ፍየሏ ሩቅ አልሄደችም። «ዲቴክት» ደግሞ በሥሩ ክዳን ማንሳት፣ የተሸፈነን መግለጥ ነው። የእኛው «አውጫጭኝ» ለዚህኛው ይቀርባል፤ መንደርተኛው ተሰብስቦ የተደበቀውን ወንጀለኛ የሚያወጣበት ሥርዓት ነበር።

ዛሬ ዲቴክቲቭ ወንጀል የሚከታተል ፖሊስ ነው፤ በግሉ የሚሠራም አለ። ኢንቬስቲጌተር ግን ሰፊ ነው፦ የአውሮፕላን አደጋን፣ የግብር ስወራን፣ የመድን ካሳ ጥያቄን የሚመረምርም በዚሁ ስም ይጠራል። የኬንያው የወንጀል ምርመራ ዳይሬክቶሬት፣ ዲሲአይ፣ በስሙ የያዘው «ኢንቬስቲጌሽን»ን ነው፤ ጋዜጦች ግን ባልደረቦቹን ዲቴክቲቭ ይሏቸዋል።

የ1954ቱ የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕጋችን «መርማሪ ፖሊስ» የሚል ጥሩ ስያሜ ሰጥቶናል። ተርጓሚዎች ሆይ፣ ዲቴክቲቭ ለፖሊስ ሲነገር እሱን ተጠቀሙ፤ ኢንቬስቲጌተር ሲመጣ ደግሞ «መርማሪ» ብላችሁ የምን መርማሪ እንደሆነ ጨምሩ።