ያልተዘረጋው ጠረጴዛ

ደንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ (ዲ ኤንድ ዲ) የተባለውን፣ ተጫዋቾች ገጸ ባሕርይ ተላብሰው የሚጫወቱትን የጠረጴዛ ጨዋታ የተማርኩት በወረቀት፣ በእርሳስና ሃያ ገጽ ባለው ዳይስ ነው። ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን በ1974 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ጨዋታውን ሲያወጡት ከዚህ ብዙም የራቀ ነገር አይጠይቅም ነበር። ኮምፒውተሩን ወደ ጠረጴዛው ለማምጣት የተደረገው ሙከራ ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በ2000 ሦስተኛው እትም ሲወጣ ከተጫዋቾች መጽሐፍ ጋር ሲዲ ነበረ፤ የገጸ ባሕርይ ማዘጋጃ ናሙና። ካርታ የሚሥል ሙሉ ፕሮግራም ይከተላል ተባለ። በ2002 የመጣው ኢ-ቱልስ ካርታ አልነበረውም።

ከሁሉ የሚያሳዝነኝ የአራተኛው እትም ታሪክ ነው። የጨዋታው አሳታሚ ዊዛርድስ ኦቭ ዘ ኮስት በ2007 በኮምፒውተር ላይ የሚዘረጋ ባለ ሦስት ገጽታ የጨዋታ ጠረጴዛ አሳየ። በ2008 መጻሕፍቱ ደረሱ፤ ጠረጴዛው አልደረሰም። ቀለል ያለው ተተኪ ለሙከራ ቀርቦ በ2012 ተዘጋ። በራስ ኮምፒውተር ላይ ይሠራ የነበረው የገጸ ባሕርይ ማዘጋጃም በ2010 ኢንተርኔት ካልተገኘ የማይከፈት ሆነ። ይህን ጥፋት እለዋለሁ፤ ተጫዋች የራሱን ጀግና ለማየት ፈቃድ መጠየቅ የለበትም።

ሥራውን ያሳኩት ሌሎች ናቸው። በ2012 ሦስት የኮሌጅ ጓደኛሞች፣ ተራርቀውም አብረው ለመጫወት ሲሉ፣ ሮል20ን ሠሩ። በ2017 ደግሞ ከርስ የተባለ ድርጅት በፈቃድ ዲ ኤንድ ዲ ቢዮንድ የተባለውን የጨዋታውን የኢንተርኔት መሣሪያ አወጣ። የዊዛርድስ ባለቤት ሃዝብሮ በ2022 ይህንኑ በ146.3 ሚሊዮን ዶላር ገዛው።