የእድር ዕቃ ቤት

ስለ እድር ሲጻፍ ቀድሞ የሚነሳው ገንዘቡ ነው፤ በየወሩ የሚዋጣው መዋጮና ለሐዘንተኛው ቤተሰብ የሚሰጠው ክፍያ። በዕቃ ቤት ተቆልፈው የሚቀመጡት ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ብረት ድስት፣ ትሪና ሰሃን ግን እንደ ተራ የንብረት ዝርዝር ይታለፋሉ። እኔ ግን የከተማችንን ጉርብትና ከገንዘቡ ይልቅ ዕቃው ቀይሮታል ባይ ነኝ። ለሐዘንተኛ እጅን መዘርጋት ከእድር በፊትም ነበረ። የጋራ ዕቃ ቤት ያመጣው አዲስ ነገር ቀድሞ በሰው መልካም ፈቃድ ይገኝ የነበረውን ውሰት አባሉ ሳይሸማቀቅ የሚጠይቀው መብት ማድረጉ ነው።

ይህን ለማየት ወደ ቀደመው ኑሮ መመለስ ያስፈልጋል። ወንፊት፣ ሙቀጫና ዘነዘና፣ ምጣድ ከቤት ቤት ይዞሩ ነበር፤ ክብሪት እንደ ልብ በማይገኝበት ዘመን እሳት ሳይቀር ከጎረቤት ምድጃ ይጫራል። በገጠር አንድ አንድ በሬ ብቻ ያላቸው ገበሬዎች በመቀናጆ በሬዎቻቸውን ጠምደው በየተራ ያርሳሉ። በእነዚህ ሁሉ ውለታው ቶሎ ይመለሳል፤ ዛሬ ወንፊት የተዋሰች ሴት ነገ ምጣዷን ታውሳለች፣ ማንም የማንም ባለዕዳ ሆኖ አይከርምም። ሠርግና ለቅሶ ሲመጡ ግን ነገሩ ይለያል። መንደሩን ሙሉ የሚያበላ ድስት፣ ጠላ የሚጠነስሱበት ጋን በብዛት፣ እንግዳ የሚያስቀምጥ ወንበር በተራ ሰው ቤት አይገኝም። የሚገኘው ከባለጸጋው ጓዳ ነው። ድሃው በዓይነት መመለስ ስለማይችል ውለታውን የሚከፍለው በጉልበትና በመታዘዝ ይሆናል። ጋኑ ከተሰበረ ደግሞ ዕዳው ይቅርና እፍረቱ ብቻ ይበቃዋል።

በ1879 ዓ.ም. ገደማ የተቆረቆረችው አዲስ አበባ ከየአገሩ የመጣ ሰው ጎን ለጎን የሰፈረባት ከተማ ሆነች። በትውልድ ቀዬው ሬሳ የሚያነሳለትና ንፍሮ የሚቀቅልለት ዘመድ የነበረው ሰው እዚህ የሚተማመነው በጎረቤቱ ብቻ ነው። የእድርን አጀማመር አንዳንዶች ከጉራጌ አገር ከመጡ የከተማዋ ነዋሪዎች ጋር ያያይዙታል፤ ብዙዎች ደግሞ መስፋፋቱን ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው የጣሊያን ወረራ ጋር ያገናኙታል። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 ስለ ኢትዮጵያ የመረዳጃ ማኅበራት በኢትዮጵያ ኦብዘርቨር መጽሔት ላይ ሲጽፉ፣ እድር ለጥናት የሚበቃ የከተማ ተቋም ሆኖ ነበር። ለእኔ ክርክር ዋናው ማስረጃ ግን በየእድሩ የመተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ያለው ነው። ንብረት ያዥ ይመረጣል፤ ዕቃ በፊርማ ይወጣል፣ ተቆጥሮ ይመለሳል፤ የጠፋውንና የተሰበረውን የወሰደው ይተካል። በየድስቱና በየወንበሩ ላይ በቀለም የሚጻፈው የእድሩ ስም ዕቃው የማንም ግለሰብ አለመሆኑን ይናገራል። መዋጮው እኩል ስለሆነ ባለ ፎቁ ደጅ የተተከለው ድንኳን የዘበኛውም ደጅ ላይ ይተከላል፤ ዘበኛው ድንኳኑን ለማግኘት የማንንም ደጅ አይጠናም።

ቁልፍና ፊርማ የጉርብትናን ፍቅር አቀዘቀዙት የሚል ይኖራል። እኔ አልስማማም። ደንቡ የያዘው ሰውን የሚያስቀይመውን ክፍል ነው፤ ማን ወሰደ፣ ማን ሰበረ፣ ማን ይክፈል የሚለውን። እዝን ይዞ መምጣቱ፣ ከሐዘንተኛ ጋር ማምሸቱ አሁንም ከሰው ልብ ይጠበቃል። ድስቱም ብቻውን አያበስልም፤ ከሥሩ እሳት የሚያነዱት፣ ሽንኩርት የሚከትፉትና ውኃ የሚያመላልሱት ሴቶቹ ናቸው። በብዙ ሰፈር የሴቶች እድር ለብቻው ቆሞ የወጥ ቤቱን ዕቃ መያዙ ከዚህ የመጣ ነው፤ የእድር ታሪክ ሲነገር የእነርሱ ድርሻ በአንድ ዓረፍተ ነገር መታለፉ ያሳዝነኛል።

ሁለተኛው ተቃውሞ ግን ከባድ ነው። መብት ለአባል ብቻ ነው። የመግቢያውን መክፈል ያቃተው አዲስ ተከራይ፣ መዋጮው ተጠራቅሞበት የተሰረዘ ሰው ከዕቃ ቤቱ ውጭ ይቀራል፤ በቀድሞው ውሰት ግን አንዲት ደግ ጎረቤት ታውሰው ነበር። ይህ እውነተኛ ጉድለት ነው፣ በማስተባበልም አይጠፋም። ቢሆንም ደንብ ጉባኤ ይለውጠዋል፤ የባለጸጋን ፊት የሚለውጥ ጉባኤ የለም። አባል ላልሆነ ሰው ዕቃ በኪራይ የሚሰጡ እድሮች መኖራቸውም በሩ ፈጽሞ አለመዘጋቱን ያሳያል።

ዛሬ ድንኳንና ወንበር የሚያከራይ ነጋዴ በየሰፈሩ ስላለ የዕቃ ቤቱ ዘመን አልፏል የሚሉም አሉ። ይሁን እንጂ በ1990ዎቹ መጨረሻ መገንባት በጀመሩት የኮንዶሚኒየም መንደሮች የገቡ ሰዎች፣ ጠባብ ወጥ ቤትና ለእርድ የሚሆን የጋራ ቤት ይዘው፣ እንደገና እድር አቋቁመው ድንኳንና ድስት ገዝተዋል። የኪራይ ሱቅ የሚያስተናግደው በዚያች ዕለት ገንዘብ በእጁ ያለውን ነው። ሞት ደግሞ የደመወዝ ቀን ጠብቆ አይመጣም፤ የእድሩ ዕቃ ግን ቀደም ባሉት ወራት መዋጮ ተከፍሎበት ስለሚቆይ ኪሱ ባዶ የሆነው አባልም ፈርሞ ያወጣዋል።