የላፍቶ ውሃ እና የኢፋት ምድር

ላፍቶ የሚማር የሁለተኛ ደረጃ ተማሪን ስለ አዋሽ ብትጠይቁት፣ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ እንደሚያበቃ ይነግራችኋል። ፈተና ላይ ይመጣላ! በክፍለ ከተማው የሚያልፈው ትንሹ አቃቂ ግን አባ ሳሙኤል ገብቶ፣ ከዚያ አዋሽን ተቀላቅሎ አፋር ድረስ እንደሚወርድ ልብ የምንለው ጥቂቶች ነን። ("ላፍቶ" ራሱ በአፋን ኦሮሞ ግራር ማለት ነው። ዛሬ ግራሩን ፈልጎ ማግኘት ቢከብድም።)

ጉዳዩ የወንዝ ብቻ አይደለም። የኢፋት ሱልጣኔትን ስም ሁላችንም እንጠራለን፣ ሶሻል ሚዲያ ላይም እንከራከርበታለን። "እስኪ ካርታ ላይ አሳዩን" ብንባል ግን ብዙዎቻችን ጣታችን ሐረር ላይ ያርፋል። ኢፋት የነበረው በሸዋ ምሥራቃዊ ጠርዝ፣ ደጋው በድንገት ወደ አዋሽ ሸለቆ በሚወርድበት ቁልቁለት ላይ ነው። ዛሬ ሸዋ ሮቢት ያለችበትና አርጎባዎች የሚኖሩበት አካባቢ ማለት ነው። የሮቢ ወንዝም እንደ አቃቂያችን የአዋሽ ገባር ነው።

የወላስማ ሥርወ መንግሥት እ.ኤ.አ በ1285 የሸዋን ሱልጣኔት ጠቅልሎ እዚያ የጸናው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዘይላ ወደብ የተነሳ ነጋዴ በረሃውን በግመል አቋርጦ የሚደርሰው እዚያ ጠርዝ ላይ ነው። ከዚያ በላይ ዳገቱ የበቅሎ ነው። ያንን በር የያዘ ንግዱን ያዘ። አፄ ዓምደ ጽዮን በ1332 የዘመቱት፣ ውጊያውም ትውልድ የተሻገረው አንድም ለዚህ ነው። ሃይማኖቱን ብቻ ይዘን ዳገቱን ከዘለልን ታሪኩ ግማሽ ይሆናል። በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ሱልጣን ሰዕደዲን ዘይላ ላይ ሲገደሉ፣ ልጆቻቸው መንግሥቱን መልሰው ያቋቋሙት ከጠርዙ ርቀው፣ ከአዋሽ ወዲያ በምሥራቅ ነው። ዐደል የምንለው ያ ነው።

ይህንን ምድር በጽሑፍ ካቆዩልን አንዱ በ1349 ያረፈው ሺሃቡዲን አል-ዑመሪ ነው። በካይሮና በደማስቆ የማምሉኮች ጸሐፊ ነበር፤ ሀበሻን በዓይኑ አላየም። ከዚህ የሄዱትን ሸኽ ዐብዱላህ አዝ-ዘይለዒን እየጠየቀ ጻፈ እንጂ። ኢፋት፣ ደዋሮ፣ አራባብኒ፣ ሀድያ፣ ሻርኻ፣ ባሊና ዳራ ብሎ ሰባቱን የሙስሊም ግዛቶች ዘረዘረ፤ ስፋታቸውን በቀን ጉዞ ለካ፤ ሰብላቸውን፣ ገበያቸውን፣ ሠራዊታቸውን መዘገበ። ጫትንም አልረሳም፤ እንቅልፍ ይቀንሳል መባሉን ጽፏል። (የማትሪክ ሰሞን ያሉ ወንድሞቻችን ይህን ፈትዋ አድርገው እንዳይወስዱት!) ዛሬ ክፍል ውስጥ የአየር ንብረት፣ የሕዝብ አሰፋፈር፣ የኢኮኖሚ እንቅስቃሴ እየተባለ ተከፋፍሎ የሚሰጠውን ትምህርት ሰውዬው ባንድ ላይ ይዞት ነበር።

በአሁኑ ሥርዓተ ትምህርት ናቹራል ሳይንስ የገባ ተማሪ ከ10ኛ ክፍል በኋላ ጂኦግራፊን አያገኘውም። ሶሻል የገባውም ቢሆን ሸምድዶ ፈተናው ሲያልቅ ይረሳዋል። ቤተሰብም "ጎበዝ ልጅ ሶሻል አይገባም" ይላል። ይህ አባባል ብዙ አክስሮናል ብለን እናምናለን።

አል-ዑመሪ ከጠቀሳቸው ሰባቱ ውስጥ አራባብኒ በትክክል የት እንደነበረች ተመራማሪዎች እስከ ዛሬ አልተስማሙም። አረብኛውን አጥርተው የሚያነቡ ደረሶች አሉን። ተራራውንና ሸለቆውን አብሮ ማንበብ የሚችል ግን ከመካከላቸው ጥቂት ነው።