44 ቁጥር

ለሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ የሚልክ ሰው አድራሻው ላይ 13244 ብሎ ይጽፋል። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች የማሊያ ቁጥር ናቸው።

የአሜሪካ ፉትቦል በስሙ የእግር ይባል እንጂ በአብዛኛው የእጅ ጨዋታ ነው። ራኒንግ ባክ የሚሉት ተጫዋች ኳሷን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ ሊጥሉት ባሰፈሰፉ ግዙፎች መካከል ሰንጥቆ ይሮጣል። በዚህ ቦታ ለሲራኪዩስ 44ን ለብሶ የተጫወተው ጂም ብራውን እንደ ሌሎቹ በስፖርት ነፃ የትምህርት ዕድል አልመጣም፤ መጀመሪያ ላይ ወጪውን የሸፈኑለት ባደገበት ማንሃሴት ገንዘብ ያዋጡ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1956 ኮልጌት ዩኒቨርሲቲን 61 ለ7 ሲረቱ 43ቱን ነጥብ ብቻውን አስቆጠረ፤ ስድስት ተችዳውን (ኳሷን እስከ ተጋጣሚ ሜዳ ጫፍ ማድረስ)፣ በዚያ ላይ ሰባት ተጨማሪ ነጥብ በእግሩ መትቶ። ለዓመቱ ምርጥ ተጫዋች የሚሰጠውን የሃይዝማን ዋንጫ ግን ከአሥር ጨዋታ ሁለት ብቻ ያሸነፈው የኖትርዳም ተጫዋች ወሰደው። ብራውን አምስተኛ ወጣ። ጥቁር መሆኑን ረስቶ ይህን ምርጫ ማስረዳት ይከብዳል።

ቁጥሩን የወረሰው የኤልማይራው ልጅ ኧርኒ ዴቪስ ነው። ቡድኑ በ1959 አንድም ሳይሸነፍ የአገሪቱ ሻምፒዮን ሆነ። በ1960 የመጀመሪያ ቀን ዳላስ ላይ ቴክሳስን 23 ለ14 ሲያሸንፉ፣ ዴቪስ ገና በጨዋታው መጀመሪያ የተወረወረለትን ኳስ ቀልቦ በ87 ያርድ ተችዳውን አስቆጠረ፤ የጨዋታው ኮከብም ተባለ። ማታ በሽልማቱ ግብዣ ላይ ግን ሽልማቱን ተቀብሎ እንዲወጣ ተነገረው፤ አዳራሹ የነጮች ነበር። በ1961 ሃይዝማንን የወሰደ የመጀመሪያው ጥቁር ሆነ፤ ፕሬዚዳንት ኬኔዲም አገኙት። በ1962 የደም ካንሰር ተገኘበት። ለክሊቭላንድ የፕሮፌሽናል ቡድን ፈርሞ አንድም ጨዋታ ሳይሰለፍ፣ ሜይ 18 ቀን 1963 በ23 ዓመቱ አረፈ።

ፍሎይድ ሊትልን ወደ ሲራኪዩስ ያግባባው ዴቪስ ራሱ ነበር። ሊትልም 44ን ለብሶ ሦስት ጊዜ ከአገሪቱ ምርጦች ተቆጠረ። ከሱ ጋር የተጫወተው ላሪ ዞንካ ጉልበቱ የበሬ ነበር፤ የለበሰው ግን 39 ነው። ኳስ ይዘው በሮጡት ያርድ እንቁጠር ካልን ሁሉንም የሚበልጠው በኋላ የመጣው ጆ ሞሪስ ነው፦ 4,299፤ ዴቪስ 2,386 ላይ ነው የቀረው። አኃዙ አይዋሽም፤ ግን በእነ ብራውን ጊዜ የአንደኛ ዓመት ተማሪ በዋናው ቡድን አይሰለፍም፣ የዓመቱም ጨዋታ ጥቂት ነበር። ለእኔ ከሁሉም ብራውን ይቀድማል።

እነዚህን ሁሉ ከሞሪስ በቀር ያሰለጠነው ቤን ሽዋርትዝዋልደር ነው። በእሱ ሥር በ1970 ዘጠኝ ጥቁር ተጫዋቾች ጥቁር አሰልጣኝ፣ የተሻለ ሕክምናና የትምህርት ድጋፍ ጠይቀው ልምምድ አቆሙ። ጋዜጦች በስህተት «ስምንቱ» አሏቸው፤ እስከ ዛሬም ስማቸው ይኸው ነው። ዩኒቨርሲቲው ይቅርታ የጠየቃቸው በ2006 ነው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 44 ቁጥር ከአገልግሎት ተሰናብቶ ነበር።

ብራውን በ2023 በ87 ዓመቱ አረፈ። ቀኑ ሜይ 18 ነበር።