ቅዠትና የእንቅልፍ መዛባት በድባቴ ሕመም

ቅዠት ከእንቅልፍ የሚያባንን፣ ከነቁም በኋላ ዝርዝሩ የሚታወስ አስፈሪ ሕልም ነው። በድባቴ ሕመምተኞች ላይ ከሌላው ሰው ይልቅ ይበዛል። እንቅልፍ ማጣት፣ ሌሊት ደጋግሞ መንቃትና ጎህ ሳይቀድ ነቅቶ መቅረት ብዙ ጊዜ አብረውት ይታያሉ፤ አንዳንዶች ግን በተቃራኒው ከልክ በላይ ይተኛሉ። ቀደም ሲል ቅዠት የድባቴ ምልክት ብቻ ተደርጎ ይታይ ነበር፤ ዛሬ ራሱን ችሎ ሊታከም የሚገባው ችግር እንደሆነ በባለሙያዎች ዘንድ ተቀባይነት አግኝቷል።

ስርጭት

እ.ኤ.አ. በ2015 ይፋ በሆነና ወደ 14,000 ገደማ ፊንላንዳውያንን ባካተተ ጥናት፣ አዘውትሮ የሚቃዠው ሰው 4 በመቶ ያህል ነበር። ከባድ የድባቴ ምልክት ካላቸው መካከል ግን ቁጥሩ ወደ 28 በመቶ ከፍ ብሏል።

መንስኤ

ሕልም በብዛት የሚታይበትን፣ ዓይን ከሽፋኑ ሥር በፍጥነት የሚንቀሳቀስበትን የእንቅልፍ ክፍል እ.ኤ.አ. በ1953 ይፋ ያደረጉት የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎቹ ዩጂን አሰሪንስኪና ናትናኤል ክላይትማን ናቸው። ይህ ክፍል በጤነኛ ጎልማሳ ላይ እንቅልፍ ከያዘው ከ90 ደቂቃ ገደማ በኋላ ይጀምርና ሌሊቱ በገፋ ቁጥር ይረዝማል። ቅዠት ወደ ንጋት የሚበዛውም በዚህ የተነሳ ነው። በብዙ የድባቴ ሕመምተኞች ላይ ክፍሉ ቀድሞ ይመጣል። አሜሪካዊው ሐኪም ዴቪድ ኩፕፈር በ1976 ይህን የድባቴ መለያ አድርገው አቅርበውት ነበር፤ በሌሎች የአእምሮ ሕመሞችም በመታየቱ ግን ሐሳቡ አከራካሪ ሆኗል።

መድኃኒትም ሚና አለው። አብዛኞቹ የድባቴ መድኃኒቶች የሕልም እንቅልፍን ይቀንሳሉ፤ በድንገት ሲቋረጡ እንቅልፉ በርትቶ ስለሚመለስ ቅዠት ሊበዛ ይችላል። የደም ግፊት መድኃኒቱ ፕሮፕራኖሎልና የኤችአይቪ መድኃኒቱ ኢፋቪሬንዝም ቅዠት በማምጣት ይታወቃሉ። አልኮል በመጀመሪያ ያስተኛል፣ ወደ ንጋት ግን እንቅልፍን ያውካል።

ዱካክ

ሌሊት ደረት ላይ ተጭኖ ትንፋሽ የሚያሳጥር፣ እጅና እግር የሚያስር፣ ለመጮህ ቢሞክሩ ድምፅ የሚነሳ ኃይል በአማርኛ ተናጋሪዎች ዘንድ ዱካክ ይባላል። ምንጩ ምን እንደሆነ ስምምነት የለም። በሰፊው የሚታመነው ርኩስ መንፈስ ነው የሚለው ሲሆን፣ በስመ ሥላሴ ብሎ ማማተብ፣ ጸሎትና ጸበል፣ በሙስሊሞች ዘንድም ቁርኣን መቅራት መከላከያው ተደርገው ይወሰዳሉ።

በሕክምናው በኩል ሁለት ማብራሪያዎች ይቀርባሉ። የመጀመሪያው በእንቅልፍ መካከል መደንዘዝ ነው። በሕልም እንቅልፍ ወቅት ጡንቻዎች ይዝላሉ፤ አእምሮ ከሰውነት ቀድሞ ከነቃ ሰውየው ዙሪያውን እያየና እየሰማ መንቀሳቀስ ያቅተዋል። ከጥቂት ሴኮንድ እስከ ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ የሚለቅ ሲሆን በራሱ አካልን አይጎዳም።

ሁለተኛው ከጫት ጋር የተያያዘ ነው። ቃሚዎች ጫት ሲያቆሙ ወይም ሳይቅሙ ሲያድሩ ዱካክ በሕልማቸው እየመጣ እንደሚያንቃቸው፣ እንደሚደበድባቸው ይናገራሉ። ይህን ሽሽት ወደ ጫት የሚመለሱም እንዳሉ በኢትዮጵያ የተደረጉ ጥናቶች መዝግበዋል። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ሲቋረጥ ታፍኖ የቆየው የሕልም እንቅልፍ ሳይበረታ እንደማይቀር ይገመታል። ጫት ማቆም ራሱ ለጊዜው ስሜትን ስለሚያወርድ፣ ድባቴውን ለመርሳት የሚቅም ሰው ሲያቆም ሁለቱም በአንድነት ይመጡበታል።

የእምነትና የሕክምና ማብራሪያዎች የግድ አይጋጩም። ጸሎትና ጸበል ከመድኃኒት ጋር አብረው ሊሄዱ ይችላሉ፤ ጉዳት የሚያስከትለው መድኃኒቱን ጥሎ መሄድ ነው።





ሕክምና

ለተደጋጋሚ ቅዠት በይበልጥ የሚመከረው ዘዴ ሕልሙን ቀን ላይ መለወጥ ነው። ሕመምተኛው ቅዠቱን ይጽፋል፤ ታሪኩን በፈለገው መንገድ ያስተካክለዋል፤ አዲሱን ታሪክ በየቀኑ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ በዓይነ ሕሊናው ይመላለስበታል። ገደል አፋፍ ላይ የሚባረር ሰው፣ ለምሳሌ፣ ዞር ብሎ አባራሪውን ሲያናግረው ሊያስብ ይችላል። አሜሪካዊው ሐኪም ባሪ ክራኮውና ባልደረቦቹ ጾታዊ ጥቃት በደረሰባቸው 168 ሴቶች ላይ ያደረጉት የ2001 ጥናት ዘዴው ቅዠትን እንደቀነሰ አሳይቷል። የአሜሪካ የእንቅልፍ ሕክምና አካዳሚም በ2018 መክሮታል። በዚያው ዓመት 304 የቀድሞ ወታደሮች የተሳተፉበት ሙከራ ግን ተስፋ የተጣለበት ፕራዞሲን የተባለው መድኃኒት ከባዶ ክኒን እንደማይሻል አመልክቷል።

ለእንቅልፍ ማጣት ቀዳሚው ምክር ከመድኃኒት በፊት ልማድን ማስተካከል ነው፦ በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት መነሣት፣ አልጋን ለመኝታ ብቻ ማዋል፣ እንቅልፍ እምቢ ሲል ከአልጋ ወርዶ መቆየት፣ ከሰዓት በኋላ ቡናን ከነቶናውና በረካው መተው። የድባቴ መድኃኒት የሚወሰድበትም ሰዓት ለውጥ ያመጣል። ፍሉኦክሰቲን እንቅልፍ ሊነሳ ስለሚችል በአብዛኛው ጠዋት፣ አሚትሪፕቲሊን ስለሚያስተኛ ማታ ይታዘዛል።

ምርመራ

ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በኢትዮጵያ የተፈተሸው ባለ 9 ጥያቄ የድባቴ መጠይቅ እንቅልፍ ማጣትንና መብዛትን ይጠይቃል፤ ስለ ቅዠት ግን አንድም ጥያቄ የለውም። ክፍተቱ ቀላል አይደለም፤ ተደጋጋሚ ቅዠት ራስን ከማጥፋት ሐሳብ ጋር እንደሚያያዝ በተለያዩ ጥናቶች ታይቷል። ስለዚህ የሚቃዥ ሕመምተኛ ሳይጠየቅም ቢሆን ለሐኪሙ ይናገር፤ ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣበት ደግሞ ሳያድር ለቅርብ ሰው ነግሮ በአቅራቢያው ወዳለ ጤና ተቋም ይሂድ።