ሥነ ጽሑፍ በቋንቋ መምህራን ሥልጠና፤ ከ«አዲስ ዓለም» የሚገኝ ትምህርት

በሰሜን ሸዋ ደጋ፣ የግሼ ወረዳ ዋና ከተማ ወደ ሆነችው ወደ ራቤል የሚመደብ አዲስ የአማርኛ መምህር፣ የተማሪዎቹን ቋንቋ ስለሚያውቅ ብቻ ኑሯቸውንም ያወቀ ሊመስለው ይችላል። ይሁን እንጂ ለከተማ ልጅ የደጋው አነጋገር፣ የሠርጉና የለቅሶው ሥርዐት እንግዳ ነው። ቋንቋ አንድ ሆኖ ልማድ ሲለያይ ለሚፈጠረው ችግር ሠልጣኙ መምህር በምን ይዘጋጅ? ከአማርኛ ሥነ ጽሑፍ ታሪክ አንድ መልስ ይገኛል።

የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ በ1900 ዓ.ም. በሮማ የታተመው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ድርሰት ሲሆን፣ «ጦቢያ» በሚል ስም ይታወቃል። መጽሐፉ በሃይማኖት የተለያዩ ወገኖችን ጠብ ያነሣል፤ ጠቡ የሚበርደው ግን አንደኛው የሌላውን እምነት ሲቀበል ነው። ልዩነት ሳይጠፋ አብሮ ስለ መኖር አያስተምርም።

በመርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1925 ዓ.ም. ባሳተሙት «አዲስ ዓለም» ጥያቄውን ወደ ቤት ያስገቡታል። ከተጉለት ወጥቶ በፓሪስ የተማረው አወቀ ሲመለስ፣ እንግዳ የሚሆነው በገዛ ዘመዶቹ መካከል ነው፤ በጋብቻና በተዝካር ነገር ይጋጫሉ። አውሮፓንና ጃፓንን የጎበኙት ደራሲ ሚዛናቸው ወደ አወቀ ያደላል።

ሠልጣኙ መጽሐፉን በአወቀ ዓይን ብቻ ካነበበው ዘመዶቹን መናቅ ይማራል፤ ነገ ራቤል ሲደርስም የተማሪውን ወላጅ በዚያው ዓይን ይመለከታል። ያንኑ ታሪክ በዘመዶቹ አንደበት እንደገና እንዲጽፈው ቢታዘዝ ግን፣ የተዝካሩ ድግስ ለእነርሱ የሙት ክብርና የጎረቤት ብድር መመለሻ መሆኑን ይደርስበታል። በዚህም የአወቀን ሐሳብ ይተው ዘንድ አይገደድም፤ የሚነቅፈውን ልማድ አስቀድሞ ሊረዳው ግን ይገባል።

በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ እስከ 15 ቋንቋዎች መስፋቱ፣ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲም የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ መወሰኑ፣ በምን ቋንቋ ይስተማር ለሚለው ጥያቄ መልስ ሰጥቷል። የመምህሩ አመለካከት ግን በቋንቋ ምርጫ ብቻ አይቃናም። ስለዚህ የሥልጠና ዕቅድ አውጪዎች እንዲህ ያለውን ከሁለት ወገን የሚደረግ ንባብ ሠልጣኙ ከመመደቡ በፊት ቢያስገቡት ይጠቅማል። ልጅ ቤቱን በናቀ አስተማሪ ፊት አፉን አይከፍትምና።