ከሶኬት 7 እስከ ኤኤም5፦ ፕሮሰሰርና ማዘርቦርድ የተለያዩበት መንገድ

በ1990ዎቹ አጋማሽ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) አንድ ማዘርቦርድ የሦስት ተፎካካሪ ኩባንያዎችን ፕሮሰሰር ያስተናግድ ነበር። ሶኬት 7 በተባለው መሰኪያ ላይ የኢንቴል ፔንቲየም፣ የኤኤምዲ ኬ6 ወይም የሳይሪክስ 6ኤክስ86 ይገባል። ከባለቤቱ የሚጠበቀው በቦርዱ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጃምፐሮች እየነቀለ እየሰካ ቮልቴጁንና ፍጥነቱን ለፕሮሰሰሩ ማስማማት ነው። ሥራው ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ ቮልቴጁ ከልክ ካለፈ ፕሮሰሰሩ ይቃጠላል። ያም ሆኖ ለገዢው ያን ያህል ነፃነት የሰጠ ዘመን ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

በ1997 ኢንቴል ፔንቲየም 2ን ስሎት 1 በተባለ የራሱ መሰኪያ አወጣ። ኤኤምዲም በ1999 ለአትሎን ስሎት ኤን ሠራ። የሁለቱ ስሎቶች ፕላስቲክ አንድ ዓይነት ሆኖ አቀማመጡ የተገለበጠ ነው፤ በኤሌክትሪክ አሠራራቸው ግን ፈጽሞ አይገናኙም። ከዚያ በኋላ ማዘርቦርድ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ የሚመልሰው ጥያቄ ኢንቴል ነው ወይስ ኤኤምዲ የሚል ሆነ።

በ2004 የመጣው ኤልጂኤ 775 ፒኖቹን ከፕሮሰሰሩ አንሥቶ ወደ ማዘርቦርዱ አዛወራቸው። ይህ ሶኬት ከፔንቲየም 4 እስከ ኮር 2 ኳድ ድረስ አገልግሏል፤ ሆኖም ሶኬቱ አንድ መሆኑ ብቻ እንደማይበቃ ያሳየው እሱ ነው። በ2006 የወጣው ኮር 2 ዱዎ በቀደሙት ቦርዶች ላይ ልክክ ብሎ ይቀመጣል፣ ብዙዎቹ ግን አያስነሡትም። ምክንያቱ ቺፕሴቱና ኃይል የሚመጥነው ክፍል ለአዲሱ ፕሮሰሰር አለመሠራታቸው ነበር።

ቀጥሎ የኢንቴል ሶኬቶች ቶሎ ቶሎ ተለዋወጡ፦ ኤልጂኤ 1156 በ2009፣ 1155 በ2011፣ 1150 በ2013፣ 1151 በ2015። ከሁለተኛው እስከ 14ኛው ባሉት የኢንቴል ኮር ዴስክቶፕ ፕሮሰሰሮች ትውልዱ ከቁጥራቸው ይታወቃል። የመጨረሻዎቹ ሦስት አኃዞች ሲነሡ የቀረው ትውልዱ ነው፤ አይ7-3770 ሦስተኛ፣ አይ5-10400 ዐሥረኛ ትውልድ ናቸው።

ገዢዎችን እጅግ ያስቆጣው የ2017ቱ ለውጥ ነው። ኮፊ ሌክ የተባለው ስምንተኛው ትውልድ እንደ ስድስተኛውና እንደ ሰባተኛው 1151 ፒን ያለው ሶኬት ላይ ይቀመጣል፤ ኢንቴል ግን እንደ ዜድ370 ያለ አዲስ ቦርድ ያስፈልገዋል አለ። የሰጠው ምክንያት የኃይል አቅርቦት ነበር፦ አይ7-7700ኬ ባለ አራት ኮር ሲሆን አይ7-8700ኬ ባለ ስድስት ነው፤ ለኃይል የተመደቡት ፒኖችም ከ128 ወደ 146 ከፍ ብለዋል። ይሁን እንጂ በኋላ ባለሙያዎች ባዮሱን (የማዘርቦርዱን ማስነሻ ሶፍትዌር) አሻሽለው፣ ጥቂት ፒኖችን ሸፍነው ወይም አገናኝተው አዲሱን ፕሮሰሰር በአሮጌዎቹ ቦርዶች ላይ አሠርተዋል። ስለዚህ የኩባንያው ማብራሪያ ሙሉ በሙሉ አሳማኝ ነው ለማለት ያስቸግራል።

ኤኤምዲ ሌላ መንገድ ያዘ። የመጀመሪያው ራይዘን በ2017 የገባበት ኤኤም4 በ2022 የወጣውን 5800ኤክስ3ዲ ጭምር ተቀብሏል። እዚህ የከበደው የባዮስ ጉዳይ ነው። የብዙዎቹ የቀደሙ ቦርዶች የባዮስ ቺፕ 16 ሜጋባይት ብቻ ስለሆነ የሁሉንም ትውልድ መረጃ መያዝ አቃተው። ኩባንያው በግንቦት 2020 ቢ450 ቦርዶች ቀጣዩን ትውልድ አይቀበሉም ብሎ ነበር፤ ተቃውሞው ሲበረታ በዚያው ወር ሐሳቡን ቀየረ። ባዮሱ ያልታደሰ ቦርድ ዛሬም አዲሱን ፕሮሰሰር አያውቀውም፤ ማራገቢያው እየዞረ ስክሪኑ ጨለማ ይሆናል።

በ2021 የመጣው ኤልጂኤ 1700 ከ12ኛ እስከ 14ኛ ትውልድ ያሉትን ይይዛል፤ ራሙ ዲዲአር4 ወይም ዲዲአር5 መሆኑን የሚወስነው ግን ቦርዱ ነው። በ2022 የወጣው ኤኤም5 ዲዲአር5ን ብቻ ይቀበላል።

በጌዴኦ ዞን፣ በዲላም ሆነ በዱመርሶ፣ ይህ ታሪክ ተራ ወሬ አይደለም። አዲስ አበባ ከዲላ ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ስለሚርቅ፣ ከዚያ ተገዝቶ የመጣ ማዘርቦርድ ካልገጠመ ለመቀየር ሌላ ጉዞ ያስፈልጋል። በአገሪቱ ገበያ ከውጭ የሚገቡ ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙ ናቸው፤ ለጌም የሚሆን ኮምፒውተር በርካሽ መሥራት የሚፈልግም ከእነሱ ቢጀምር ያዋጣዋል። ለምሳሌ የ2012ቱ ዴል ኦፕቲፕሌክስ 7010 ሶኬቱ 1155 ስለሆነ ሁለተኛና ሦስተኛ ትውልድ ይቀበላል። ከሱ በኋላ የመጣው ኦፕቲፕሌክስ 9020 ደግሞ በ1150 ሶኬት አራተኛውን ትውልድ ይወስዳል፤ የማዘርቦርዱ ዋና የኃይል መሰኪያ ግን በተለመደው ባለ 24 ፒን ፈንታ ባለ 8 ፒን ነው። ጠንካራ ግራፊክስ ካርድ ለመጨመር ፓወር ሰፕላዩን የሚቀይር ሰው አብሮ አዳፕተር መግዛት አለበት።